ነፍሳትንና ሸረሪት መሰሎችን ለምርምር ማቆየት፦ ከመስክ እስከ መሳቢያ

በሙዚየም አዳራሽ በመስታወት ሳጥን የሚታዩት ያማሩ ቢራቢሮዎች ከሙዚየሙ ሀብት ኢምንቱ ናቸው። ዋናው ስብስብ ጎብኚ በማይገባባቸው ክፍሎች፣ በመሳቢያና በብልቃጥ ተደርድሮ ይገኛል። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ብቻውን ከ30 ሚሊዮን በላይ የነፍሳትና የሸረሪት መሰሎች ናሙና ይዟል። ተመራማሪ እነዚህን ናሙናዎች የሚፈልጋቸው ለውበታቸው ሳይሆን፣ ይህ ፍጡር በዚህ ቦታና በዚህ ቀን እንደነበረ ስለሚመሰክሩ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ አንዱ አካሉ ነው፣ ሌላው አካሉን ከመረጃው ጋር ያያያዘው ክር ነው። ሁለት እግሩ የወደቀ ጥንዚዛ አሁንም ዝርያው ይለያል፤ የት እንደተያዘ የማይታወቅ ጥንዚዛ ግን እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ ለምርምር አይረባም። በየእርምጃው የምናስጠነቅቀው ስሕተት በአብዛኛው ክሩን የሚበጥሰው ነው።

ሸረሪት መሰሎች የምንላቸው ሸረሪትን፣ ጊንጥን፣ መዥገርን፣ ማይትን (በጣም ጥቃቅን የመዥገር ዘመዶች) እና ሌሎች ዘመዶቻቸውን ነው። አያያዛቸው ከነፍሳት የሚለይበት ቦታ ብዙ ስለሆነ በየክፍሉ ለብቻ አንስተነዋል።

ከመስክ ሲጀመር

ለጥንዚዛ፣ ለትኋን መሰሎች፣ ለዝንብና ለተርብ የተለመደው መግደያ ኢታይል አሲቴት (ተኑ ነፍሳትን የሚገድል ፈሳሽ) ያለበት ጠርሙስ ነው።

1. አፈ ሰፊ፣ ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ ይምረጡ። ብዙ የፕላስቲክ ዓይነት በኢታይል አሲቴት ይሟሟል። የታችኛውን ግማሽ ከውጭ በፕላስተር ይጠቅልሉት፤ ቢሰበር ስብርባሪውን ይይዛል።
2. ጀሶ በውሃ በጥብጠው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያፍሱበት። ክዳኑን ሳይገጥሙ ፍጹም እስኪደርቅ ለቀናት ይተዉት። እርጥብ ጀሶ ፈሳሹን አይመጥም፣ የጠርሙሱንም ግድግዳ ያልበዋል።
3. ጀሶው እስኪጠግብ ኢታይል አሲቴት ያፍሱበት፤ ያልመጠጠውን ይመልሱ።
4. የተጨማደደ ለስላሳ ወረቀት ይክተቱ። ከነፍሳቱ የሚወጣውን እርጥበት ይመጥጣል፤ እርስ በርስ እንዳይፈጋፈጉም ይለያቸዋል።

ትናንሽ ዝንቦች ከግማሽ ሰዓት በላይ አያስፈልጋቸውም፤ ትልልቅ ጥንዚዛዎች ግን ሰዓታት ይፈልጋሉ። የሞቱ መስለው ወጥተው ስፒል ላይ የሚነቁት እነሱ ናቸው። ቢራቢሮን ከሌሎች ጋር በአንድ ጠርሙስ አይክተቱ፤ የክንፉ ቅርፊት ይረግፍና በጠርሙሱ ያለውን ሁሉ ይለብጠዋል። ቢራቢሮ ደረቱ በጣት ተጭኖ ከሞተ በኋላ ክንፉ ወደ ላይ እንደተገጠመ በሦስት ማዕዘን በታጠፈ ለስላሳ ወረቀት ይቀመጣል። ቦታውና ቀኑ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቢራቢሮው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከገባ በኋላ እስክሪብቶው ክንፉን ይደፈጥጠዋል።

ኢታይል አሲቴት ዲኤንኤን ይጎዳል። ለዘረመል ጥናት የታሰበ ናሙና በቀጥታ ከ95 በመቶ በላይ በሆነ ኢታኖል (አልኮል) ውስጥ ይግባ።

ሸረሪቶች፣ ጉንዳኖችና ሌሎች ለስላሳ ነገሮች በቀጥታ ወደ ኢታኖል ይገባሉ። እጮች ግን ልዩ ናቸው። በሕይወት ሳሉ ወደ ቀዝቃዛ ኢታኖል ከተጣሉ በሆዳቸው ያለው ኢንዛይም ሥራውን ይቀጥላልና በቀናት ውስጥ ይጠቁራሉ። መፍትሔው ከእሳት በወጣ ትኩስ ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ እንደ ውፍረታቸው ማቆየትና ከዚያ ወደ 80 በመቶ ኢታኖል ማዛወር ነው። ለጊንጥም ትኩስ ውሃ ይሠራል። የጊንጥ ቅርፊት ኢታኖልን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ግን፣ በሆዱ ሥር ባሉት ለስላሳ መገጣጠሚያዎች በቀጭን መርፌ ኢታኖል ይውጉት ወይም ቢያንስ ቀዳዳ ይክፈቱለት። ይህ ካልተደረገ ውጭው አምሮ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ስሕተቱም የሚታወቀው ከወራት በኋላ በሚወጣው መጥፎ ሽታ ነው።

የመስክ መለያው ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ ከናሙናው ጋር ወደ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። እስክሪብቶ በኢታኖል ይሟሟል። ክዳን ላይ በማርከር የተጻፈ ቁጥር አንድ የኢታኖል ጠብታ ያጠፋዋል፤ ክዳን ደግሞ ከክዳን ጋር ይለዋወጣል። ሰው «ማታ አስታውሼ እጽፋለሁ» ሲል ክሩ እዚያው ተበጥሷል ማለት ነው።

ኢታኖሉ

በእርጥብ ስብስብ ውስጥ ከሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ከኢታኖል አያያዝ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት ይገባል።

ለቅርጽ ጥናት ከ75 እስከ 80 በመቶ፣ ለዲኤንኤ ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ ሆኖ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። «ጠንካራው የተሻለ ከሆነ ሁሉንም ለምን በ96 አናስቀምጥም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጠንካራ ኢታኖል ውሃን ከአካሉ ጨርሶ ስለሚያወጣ መገጣጠሚያው ይገተራል፤ የሸረሪት እግር ወረንጦ ሲነካው ይቀነጠሳል። የወንዱን ፔዲፓልፕ (ከአፉ አጠገብ ያለውን፣ ለመራቢያ የሚያገለግለውን እግር መሰል አካል) አዙሮ ለማየትም አይቻልም። ከአንድ ቦታ ብዙ ናሙና ከተገኘ ለሁለት ይክፈሉት። አንድ ብቻ ከሆነ ከአንድ ወገን ከአንድ እስከ ሦስት እግር ቆርጠው በጠንካራ ኢታኖል ያኑሩ፣ ቀሪውን በ80 ያስቀምጡ፤ በሁለቱም ብልቃጥ አንድ ዓይነት ቁጥር ይግባ።

አበራረዙ እንዲህ ነው። በ1 ሊትር የመለኪያ ዕቃ 833 ሚሊ ሊትር የ96 በመቶ ኢታኖል ይጨምሩና በተጣራ ውሃ እስከ 1 ሊትር ምልክት ይሙሉ፤ 80 በመቶ ያገኛሉ። ለ75 በመቶ የሚያስፈልገው 781 ሚሊ ሊትር ነው። የያዙት 95 በመቶ ከሆነ ቁጥሮቹ 842 እና 789 ይሆናሉ። «እስከ ምልክቱ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኢታኖልና ውሃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ስለሚቀንስ የጎደለውን ውሃ አስቀድሞ ለክቶ መጨመር ትክክል አይመጣም። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ በናሙናው ላይ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። እንዳይጠጣ ተብሎ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት አልኮልም አንዳንዱ ውሃ ሲነካው ወተት ይመስላል፤ ለስብስብ ከመጠቀም በፊት በትንሹ ይሞክሩት።

የናሙናው አካል ራሱ ውሃ ነው። አንድ ብልቃጥ በናሙና ታጭቆ ኢታኖል ቢሞላበት 80 የነበረው 60 ሊሆን ይችላል። ለአንድ እጅ ናሙና ቢያንስ አሥር እጅ ኢታኖል ያድርጉ፣ ከአንድ ቀን በኋላም አንዴ ይለውጡት።

ኢታኖል ከውሃ ፈጥኖ ይተናል። ስለዚህ የብልቃጡ ፈሳሽ ሲጎድል የቀረው ደካማ ነው። የጎደለውን በ80 በመቶ ብቻ መሙላት ከውጭ ሲታይ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል፤ በየጊዜው ግን ጥንካሬው ይወርዳል። ሃይድሮሜትር ወይም የእፍጋት መለኪያ ይጠቀሙ፣ የፈሳሹ ሙቀት መለኪያው ከተሠራበት ሙቀት ጋር መመሳሰሉንም ያረጋግጡ። ከ70 በታች የወረደውን ሙሉ በሙሉ ይለውጡ። በጣም የደከመውን ወይም የደረቀውን ናሙና ግን በአንዴ ወደ 80 አይጣሉት፤ ለስላሳው ሆድ ይጨማደዳል። በ30፣ በ50፣ በ70 እያሉ በየደረጃው ለሰዓታት እያቆዩ ያሸጋግሩት።

ለረጅም ጊዜ የተሻለው አቀማመጥ ብልቃጥ በጠርሙስ ነው። ትንሿ ብልቃጥ እስከ አፏ በኢታኖል ተሞልታ በጥጥ ትወተፋለች፣ ተገልብጣም ኢታኖል በሞላበት ትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ትቆማለች። የትልቁ ክዳን ቢያስተነፍስ መጀመሪያ የሚጎድለው የውጭኛው ነው፤ ናሙናው ሳይነካ ችግሩ ይታያል። ጥጡ ሲገባ አየር አረፋ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። የሸረሪት ጥፍር በጥጥ ክር ስለሚጠመድ ናሙናው ጥጡን መንካት የለበትም። የቡሽ ክዳን ፈሳሹን ቡናማ ያደርጋል፤ የጎማ ማሸጊያም በዓመታት ይደርቃልና በየጊዜው ይፈተሽ። ክፍሉ ጨለማ ይሁን፣ ብርሃን ቀለም ያጠፋል። የኢታኖል ተን በተራ የክፍል ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል አየር የሚዘዋወርበት፣ ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ የሌለበት መሆን አለበት።

በስፒል መውጋት

የነፍሳት ስፒል 38 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፣ ውፍረቱም በቁጥር ይለያል። ቁጥር 1 የ0.40፣ ቁጥር 2 የ0.45፣ ቁጥር 3 የ0.50 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ለአብዛኛው ሥራ ቁጥር 2 ይበቃል። የልብስ ስፌት ስፒል ወፍራም፣ አጭርና የሚዝግ ስለሆነ አይሆንም። በጥንት ስብስቦች የሚታየው አረንጓዴ ሻጋታ የሚመስል ነገር ሻጋታ አይደለም፤ በናስ ስፒሉ ያለው መዳብ ከነፍሳቱ ስብ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ዝገት ነው። እያበጠ አካሉን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ዛሬ የማይዝግ ብረት ይመረጣል። ጥቁር ቀለም የተቀባው ብረት በእጅ ጠንከር ይላል፣ እርጥበት ባለበት ክፍል ግን ቀለሙ በተላጠበት ይዝጋል።

የሚወጋበት ቦታ በልማድ የተወሰነ ነው። ስፒሉ የሚያበላሸው ጎን ሁልጊዜ ቀኙ እንዲሆን ይደረጋል፤ ግራው ለተመራማሪው ሳይነካ ይቀራል።

ጥንዚዛ፦ በቀኙ የደነደነ የላይ ክንፍ፣ ከፊት ጫፉ አጠገብ።
ትኋን መሰሎች፦ በጀርባቸው ባለው ሦስት ማዕዘን ጋሻ ላይ፣ ከመካከል ትንሽ ወደ ቀኝ።
ዝንብ፣ ንብ፣ ተርብ፦ በደረቱ ላይ ከመካከለኛው መስመር ወደ ቀኝ። ዝንብን ሲወጉ በደረቱ ላይ ያለው ፀጉር መለያ ስለሆነ በአንድ በኩል ያለው ሙሉ መቅረት አለበት።
ፌንጣ፦ በአንገቱ ጋሻ የኋላ ጫፍ፣ በቀኝ።
ቢራቢሮና የሌሊት ቢራቢሮ፦ በደረቱ ትክክለኛ መካከል።

ከናሙናው በላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስፒል ይቅር፤ ጣት የሚይዘው እሱን ነው። ደረጃ በደረጃ ጥልቀታቸው የተለያዩ ቀዳዳዎች ያሉት የእንጨት ማስተካከያ ካለ፣ ናሙናውና መለያዎቹ በመሳቢያው ሁሉ በአንድ ከፍታ ይሆናሉ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ከፍና ዝቅ ያሉ ናሙናዎች ሲነሱ ጎረቤታቸውን ይመታሉ።

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሱት አይወጉም፣ ይለጠፋሉ። ከጠንካራ ወረቀት 8 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መሠረት ያለው ሦስት ማዕዘን ይቁረጡ። ሰፊውን በኩል በስፒል ይውጉ፣ ሹል ጫፉን በወረንጦ ትንሽ ወደ ታች ያጥፉ፣ በጫፉ ላይ እንደ ነጥብ ያህል ሙጫ ያድርጉና የናሙናውን የደረት ቀኝ ጎን ያስነኩት። ሙጫው በውሃ የሚለቅ ይሁን። ፈጣን ሙጫ የተጠቀመ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሆዱን ማየት የሚፈልገውን ተመራማሪ በሩን ዘግቶበታል። የተለመደው ስሕተት ሙጫ ማብዛት ነው፤ ደረቱን ካጥለቀለቀ የሚታይ ነገር አይቀርም።

ክንፍ ለመዘርጋት መካከሉ ጎድጓዳ ሰሌዳ ያስፈልጋል። የፊት ክንፉ የኋላ ጠርዝ ከአካሉ ጋር ቀጥተኛ ማዕዘን እስኪሠራ ይጎትቱ፣ ከዚያ የኋላውን ክንፍ ያስከትሉ። በወረቀት ቁራጭ ይጫኑት፣ ስፒሎቹን ከክንፉ ውጭ ይትከሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይደርቃል፤ ሆደ ትልልቆቹ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈልጋሉ። መድረቁን ለማወቅ ሆዱን በስፒል ጫፍ በቀስታ ይንኩ፤ ከአካሉ ጋር እንደ አንድ እንጨት ከተንቀሳቀሰ ደርቋል፣ ለብቻው ከታጠፈ አልደረቀም። ያለ ጊዜው የወረደ ክንፍ በቀናት ውስጥ ይወድቃል።

የደረቀ ናሙና መልሶ ማለስለስ ይቻላል። በሚከደን የፕላስቲክ ሳጥን እርጥብ አሸዋ ያድርጉ፣ ናሙናውን ውሃ በማይነካው መደብ ላይ ያስቀምጡ፣ ሻጋታ እንዳይይዘው ጥቂት የታይሞል ክሪስታል ይጨምሩ። ለትንሹ አንድ ቀን፣ ለመካከለኛው ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ክንፉ መርጠብና ፀጉሩ መላጥ ይጀምራል።

ከኢታኖል የወጣ ዝንብ ወይም ንብ ዝም ብሎ ቢደርቅ ክንፉ ይጨማደዳል፣ ዓይኑም ይሰረጉዳል። መጀመሪያ ወደ 95 ወይም 100 በመቶ ኢታኖል፣ ከዚያ ለሰዓታት ወደ ኢታይል አሲቴት ያዛውሩት፤ ከዚያም በመምጠጫ ወረቀት ላይ አድርቀው ይውጉት።

ዝርያ ለመለየት የሚወጣ የመራቢያ አካል በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ለአንድ ሌሊት ይቀመጣል፣ ጥቂት አሴቲክ አሲድ በተጨመረበት ውሃ ይታጠባል። ከዚያ በግሊሰሪን ጠብታ በጥቃቅን ብልቃጥ ገብቶ ከዚያው ናሙና ስፒል ሥር ይተከላል። ሌላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ በቁጥር ማያያዝ የሚቻል ይመስላል፤ በተግባር ግን ሁለቱ ሲለያዩ ማየት የተለመደ ነው።

ሸረሪትና ማይት

ሸረሪት በስፒል አይወጋም፤ ለስላሳው ሆዱ ሲደርቅ እንደ ዘቢብ ይሆናል። ዝርያው የሚለይበት ምልክት ያለው በአዋቂዎች ነው፤ በወንዱ ፔዲፓልፕና በሴቷ ኤፒጂን (ከሆዷ ሥር ባለው የመራቢያ አካል)። ታዳጊ ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ እስከ አስተኔው ወይም እስከ ወገኑ (ከዝርያ በላይ እስካሉት ሰፋ ያሉ ምድቦች) ብቻ ነው የሚለየው። ምርመራው የሚካሄደው ናሙናው በኢታኖል ተጠልቆ ነው፤ በትንሽ ሳህን ነጭ አሸዋ አድርገው ሸረሪቱን በሚፈልጉት ማዕዘን ያስደግፉት። ፔዲፓልፕ መቁረጥ ካስፈለገ በልማድ የሚቆረጠውና የሚሣለው የግራው ነው። በጥቃቅን ብልቃጥ ይግባና ከባለቤቱ ጋር በዚያው ብልቃጥ ይቀመጥ። ኤፒጂንን ለማጥራት ላክቲክ አሲድ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ይበቃል።

ማይት በማይክሮስኮፕ ስላይድ (ስስ መስታወት) ላይ ነው የሚታየው። ማይቱን በስላይዱ ላይ የሚይዘው የሆየር ፈሳሽ የሚዘጋጀው 50 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 30 ግራም የዐረቢያ ሙጫ፣ 200 ግራም ክሎራል ሃይድሬትና 20 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን በዚሁ ቅደም ተከተል በማሟሟት ነው። ክሎራል ሃይድሬት በብዙ አገሮች ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ ፈቃዱን አስቀድመው ይጨርሱ። ስላይዱ በ45 ዲግሪ ገደማ ለሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ የመስታወቱ ዙሪያ በቫርኒሽ ይታሸግ፤ ያልታሸገው ከአየሩ እርጥበት ይስባል ወይም ደርቆ ክሪስታል ይሠራል።

መለያው

ጊዜ ሲጠብ ሰዎች የሚቸኩሉበት ክፍል ይኼ ነው፤ መቸኮል የማይገባውም ይኼው ነው።

በመጀመሪያው መለያ የሚጻፈው አገር፣ ክልል፣ ትክክለኛ ቦታ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከፍታ በሜትር፣ ቀን፣ የያዘው ሰውና የተያዘበት ዘዴ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስን በአስርዮሽ ከነጥብ በኋላ በአራት አሃዝ ይጻፉ፤ አራተኛው አሃዝ በኬክሮስ 11 ሜትር ያህል ነው። ስልኩ ስምንት አሃዝ ስላሳየ ብቻ ስምንቱን መገልበጥ የሌለ ትክክለኛነት ማወጅ ነው። ወሩ በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል። 5/6 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ ሰኔ፣ ለሌላው ግንቦት ነውና። ዓመቱ በአራት አሃዝ ይሁን፤ «08» ከመቶ ዓመት በኋላ የትኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። «እንደ ላይኛው» የሚል መለያ ጨርሶ አይጻፍ፤ ናሙናዎች ቦታ ሲለዋወጡ ላይኛው ሌላ ይሆናል።

ወረቀቱ ከአሲድ ነጻ የጥጥ ወረቀት፣ ፊደሉ 4 ወይም 5 ነጥብ ይሁን። የመለያው ስፋት ከናሙናው ብዙ እንዳይበልጥ ያድርጉ። ለኢታኖል የሚገባው መለያ የተለየ ፈተና አለበት። የኢንክጄት ቀለም ይሟሟል፤ የሌዘር ቀለም ደግሞ በጊዜ ከወረቀቱ ተላጦ ከብልቃጡ ሥር እንደ ጥቁር ቅንጣት ይሰበሰባል፤ ባዶ ወረቀት ይቀራል። አስተማማኙ በሙቀት በፖሊስተር ላይ የሚታተም መለያ ወይም በቀለም ብናኝ በተሠራ ጥቁር ቀለም በእጅ የተጻፈ ነው። አዲስ ማተሚያ ሲገዛ ጥቂት መለያዎችን ለሳምንታት በኢታኖል አቆይተው በጣት ያሹ።

በስፒሉ ላይ ከላይ የቦታው መለያ፣ ቀጥሎ ስለ መኖሪያው ወይም ስለ ተገኘበት ተክል፣ ከታች ዝርያውን የለየው ሰው ስምና ዓመት ያለበት መለያ ይሆናል። አሮጌ መለያ አይወገድም፣ ስሕተት ቢሆንም፣ ቢቀደድም፣ ቢቆሽሽም። አዲስ መለየት ካለ አዲስ ወረቀት ከሥሩ ይጨመራል። የእጅ ጽሑፉ ራሱ ናሙናው የማን እንደነበር የሚያሳውቅበት ጊዜ አለ።

ከዚያ እያንዳንዱ ናሙና በማሽን የሚነበብ ምልክት ያለው የራሱ ቁጥር ያገኛል። ቁጥሩ በስፒሉ ላይ ከተሰካ በኋላ ነው መረጃው ወደ ቋቱ የሚገባው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቁጥሩ በሌላ ናሙና ላይ ይሰካል። መለያው እንዳለ ከነስሕተቱ በአንድ ዓምድ፣ የታረመውና የተተረጎመው በሌላ ዓምድ ይግባ። የዓምዶቹ ስም ዳርዊን ኮር በተባለው ደረጃ መሠረት ቢሆን መረጃውን ጂቢአይኤፍን ለመሰሉ ዓለም አቀፍ ቋቶች ያለ ችግር መላክ ይቻላል። ናሙናውንና መለያዎቹን በአንድነት ፎቶ ማንሳትም ቅንጦት አይደለም። በመስከረም 2, 2018 እ.ኤ.አ. በሪዮ ዴ ጃኔሮ የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል አብዛኛው የነፍሳትና የሸረሪት መሰሎች ስብስብ ጠፍቷል።

መሳቢያና ታይፕ

ናሙናዎች በየዝርያው በትናንሽ ትሪዎች፣ ትሪዎቹ በመሳቢያ ይደረደራሉ። ቡድን ሲያድግ ትሪ ብቻ ይዛወራል፣ ናሙና አይነካም። ከሥር የሚነጠፈው የፖሊኢታይሊን ፎም ነው። ፖሊስታይሪን ይፈረፈራል፣ ስፒልም አይይዝም።

አዲስ ዝርያ የተገለጸባቸው ናሙናዎች ታይፕ ይባላሉ። ስሙን የሚሸከመው ሆሎታይፕ በልማድ ቀይ መለያ ይደረግለታል፣ ከእሱ ጋር በገለጻው የተጠቀሱት ሌሎቹ (ፓራታይፕ) ቢጫ። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ሕግ አራተኛ እትም በ2000 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ለአዲስ ዝርያ ታይፕ በግልጽ መወሰንና የሚቀመጥበትን ስብስብ መግለጽ ግዴታ ነው። እግረ መንገዳችንን፦ የእንስሳት ስያሜ የሚጀምረው ከሊኒየስ የ1758 ሥራ ቢሆንም፣ ለሸረሪት ግን የስዊድናዊው ካርል ክሌርክ የ1757 መጽሐፍ ይቀድማል። በሸረሪት መለያ ላይ 1757 ያየ ሰው «ስሕተት ነው» ብሎ እንዳያርም።

በላተኞቹ

የደረቀ ስብስብ ዋና ጠላት አንትሬነስ የተባለችው የሙዚየም ጥንዚዛ ናት። አዋቂዋ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ናት፤ የምትበላው ግን ፀጉራሟ እጭ ናት። ምልክቶቿ ከናሙናው ሥር የተጠራቀመ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝና ፀጉር ያለው የተጣለ ቆዳ ናቸው። ብናኝ ያዩበት መሳቢያ በዚያው ሰዓት ተለይቶ በከረጢት ይግባ፤ የጎረቤቶቹም ይፈተሹ።

ከውጭ የመጣ ማንኛውም ደረቅ ነገር ወደ ስብስቡ ክፍል ከመግባቱ በፊት ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያድርጉ፦

1. ሳጥኑን በፖሊኢታይሊን ከረጢት ይክተቱ፣ አየሩን አስወጥተው ያሽጉ።
2. አስቀድሞ በቀዘቀዘ ፍሪዘር ያስገቡ። ቀስ እያለ የሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ለተባዩ የመላመጃ ጊዜ ይሰጠዋል።
3. በ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሦስት ቀን፣ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሁለት ሳምንት ያቆዩ።
4. ካወጡ በኋላ ከረጢቱን ለ24 ሰዓት አይክፈቱ። ተቸኩሎ ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ናሙና ላይ ጤዛ ይሆናል፤ በሙጫ የተለጠፈው ይለቃል፣ ሻጋታም ይከተላል።

የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። የመጽሐፍ ቅማል የሚባሉት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነጫጭ ተባዮች ከ50 በመቶ በታች ደርቀው ይሞታሉ። ከ65 በላይ ሲወጣ ሻጋታ ይጀምራል። ሙጫ ያላቸው ወጥመዶች በየግድግዳው ሥር ይቀመጡ፣ በየወሩ ይቆጠሩ፣ ቁጥሩም በክፍሉ ካርታ ላይ ይመዝገብ። አንድ ጥግ ብቻ እየጨመረ ከሆነ ከዚያ ጥግ ጀርባ የሞተች ርግብ ወይም የቆየ የሱፍ ምንጣፍ ይፈልጉ።

ናፍታሊን የቀድሞው ልማድ ነው። ተባይን ያርቅ እንደሆነ እንጂ የገባውን አይገድልም፤ ፓራዳይክሎሮቤንዚን ይገድላል፣ ፖሊስታይሪንን ግን ያቀልጣል። ሁለቱም በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው የተመደቡ ናቸው። በውርስ የመጣ መሳቢያ ሽታው ከጠነከረ መስኮት ከፍተው፣ ጓንት አድርገው ይሥሩ።

ውሰት

ናሙና በፖስታ የሚላከው ሳጥን በሳጥን ውስጥ ሆኖ ነው፤ በሁለቱ መካከል በየአቅጣጫው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ነገር ይሙሉ። ከባድ ጥንዚዛ በስፒሉ ላይ እንዳይሽከረከር በግራና በቀኝ ሁለት ስፒል ይትከሉለት። አንድ የተፈታ ጥንዚዛ በጉዞው ሳጥኑን ሁሉ ይፈጫል። የኢታኖል ናሙና በአየር ሲላክ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ልዩ ድንጋጌ ኤ180 መሠረት በየብልቃጡ ከ30 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፣ ጥቅሉም ከ1 ሊትር። የመሰብሰቢያና የመላኪያ ፈቃዶች ግልባጭ አብሮ ይሂድ፤ በ2014 ሥራ ላይ የዋለውን የናጎያ ፕሮቶኮል (የአገሮችን የዘረመል ሀብት አጠቃቀም የሚመለከት ስምምነት) የተቀበሉ አገሮች ይጠይቃሉ። እንደ ንጉሠ ነገሥት ጊንጥና እንደ አንዳንድ ታራንቱላዎች ያሉት ደግሞ የሳይትስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ወረቀት ይፈልጋሉ።

ሲመለስ በቁጥር ዝርዝሩ እያንዳንዱን ያመሳክሩ፣ ደረቁን እንደ አዲስ ገቢ ያቀዝቅዙ። በመንገድ የተቀነጠሰ እግር ወይም ጭንቅላት ከማን እንደወደቀ በእርግጠኝነት ከታወቀ በጄላቲን ካፕሱል ይግባና በዚያው ስፒል ይሰካ። ካልታወቀ ካፕሱሉ ከነ ቀኑና ከነ ውሰት ቁጥሩ ለብቻው ይቀመጥ፤ በግምት ለማንም አይለጠፍ።